ከግዴታ ውትድርና የራቀ ለምን ይጠላል?

ወንድሜ፣ «ሰው አገሩን ለቆ ቢሄድና ውትድርናው ቢቀርበት የቀሩትን ምን ጎዳቸው?» ላልከው፣ እኔ የማየው እንዲህ ነው።

ደቡብ ኮሪያን ውሰድ። ጤነኛ ወንድ ሁሉ የማገልገል ግዴታ አለበት። በምድር ጦር አሁን 18 ወር ነው። ያ ጊዜ ከትምህርትና ከሥራ ላይ የሚቆረጥ የወጣትነት ዕድሜ ነው። ሰው ይህን የሚችለው «ሁላችንም እኩል ነን» ብሎ ነው። አንዱ ሾልኮ ሲወጣ ያ እኩልነት ይፈርሳል።

የዘፋኙ የዩ ሱንግ ጁን ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። አገለግላለሁ ሲል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ፤ ግዴታውም ቀረለት። ወዲያው ደቡብ ኮሪያ እንዳይገባ ታገደ። በ2019 እና በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመግቢያ ቪዛ በተከለከለበት ጉዳይ ለእሱ ፈረደ። በ2024 ግን ቪዛውን እንደገና ተከለከለ። ከ20 ዓመት በላይ ያልበረደ ቁጣ ነው!

ሰዉን ያንገበገበው መሄዱ ብቻ አይመስለኝም። ቃሉን ማጠፉ ነው። ዝናና ገንዘብ ያለው መውጫ ሲያገኝ የድሃ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ብርድ ላይ ይቆማል። ይህ ያማል፤ እኔንም ያመኛል።

ቁጣው ሁሉንም በጅምላ ሲጠቀልል ግን አልወድም። በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ይዘዋቸው የወጡ አሉ። ኤርትራን ደግሞ እይ። እዚያም በሕግ የተጻፈው 18 ወር ነው፤ ለብዙዎች ግን ማብቂያ የለውም። ከዚያ የሸሸን ወጣት ከዘፋኙ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልችልም።