የአርኤክስጃቫ ትሬድ ያስቸገራችሁ፣ ጠይቁ

የጅማ አንድሮይድ አፕ ሠሪዎች ስለ አርኤክስጃቫ (ዳታን በሰንሰለት ደረጃ በደረጃ የሚያሳልፍ የጃቫ ላይብረሪ) ትሬድ (አፑ ሥራውን የሚያካሂድበት የሥራ ክር) ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ (ከኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር)፦ የቡና ዋጋ የሚያሳይ አፕ እየሠራሁ ነው። በየጥሪው ሰብስክራይብኦን አይኦ (ሥራው ከስክሪኑ ጀርባ ይጀምር)፣ ኦብዘርቭኦን ሜይንትሬድ (ከዚህ በታች ያለው ስክሪኑን በሚይዘው ትሬድ ላይ ይሂድ) እያልኩ መጻፍ ሰለቸኝ።

መልስ፦ መሰልቸቱ ቀላሉ ነው። ኦብዘርቭኦንን አንድ ቦታ ከረሳህ ስክሪኑን ከሌላ ትሬድ ስትነካው አፑ ይዘጋል። ሁለቱን መስመሮች አንድ ትራንስፎርመር (ደጋግመህ የምትጠቀምበት የሰንሰለት ቁራጭ) ውስጥ ክተትና ሰንሰለቱ ላይ በኮምፖዝ ጥራው፤ በኮትሊን ከሆነ ደግሞ አንዲት ኤክስቴንሽን ፈንክሽን (ሰንሰለቱ ላይ የምትጨምራት የራስህ ጥሪ) ትበቃሃለች። ግን ቦታውን አደራ! ኮምፖዙን ሰንሰለቱ አናት ላይ ካደረግኸው ከሱ በታች ያለው ማፕ (ዳታውን የሚለውጠው ደረጃ) በሙሉ ሜይንትሬድ ላይ ይሠራል፣ ዝርዝሩ ረዘም ሲል ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ መርካቶ ቆሞ ዋጋ የሚያየው ነጋዴም ስልኬ ተበላሸ ብሎ ይተወዋል። ሁሌም መጨረሻ ላይ፣ ከሰብስክራይብ (ሰንሰለቱን ከሚያስነሳው ጥሪ) በፊት አድርገው።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ሰብስክራይብኦን ሁለት ጊዜ ቢጻፍስ?

መልስ፦ ምንጩ (ዳታው የሚመጣበት) በየትኛው ትሬድ እንደሚነሳ የሚወስነው ለምንጩ የሚቀርበው ሰብስክራይብኦን ነው። ኦብዘርቭኦን ግን በተጻፈ ቁጥር ከሱ በታች ያለውን ይቀይራል።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ዳታቤዙን በጀስት (ዝግጁ ዳታን ወደ ሰንሰለቱ በሚያስገባው) ነው የማነበው። አይኦ ላይ ባደርገውም ይደርቅብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የጀስት ነው። ቅንፉ ውስጥ ያስገባሽው ጥሪ ገና ሰብስክራይብ ሳይደረግ፣ ሰንሰለቱን በጻፍሽበት ትሬድ ላይ ይሠራል። ፍሮምኮለብል (ጥሪውን ሰብስክራይብ እስኪደረግ የሚያቆየው) አድርጊው፣ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ አይኦ ወይስ ኮምፒውቴሽን?

መልስ፦ ኔትወርክና ፋይል መጠበቅ ከሆነ አይኦ፣ ስሌት ከሆነ ኮምፒውቴሽን። የኮምፒውቴሽን ትሬዶች በፕሮሰሰሩ ኮር ልክ ስለሆኑ ኔትወርክ እንዲጠብቁ አታድርጓቸው።

ጥያቄ፦ ቴስት ስጽፍ ሜይንትሬድ የለም ይለኛል።

መልስ፦ ስኬጁለሮቹን (እንደ አይኦ ያሉ፣ ሥራውን ለትሬድ የሚመድቡትን) ክላሱ ውስጥ በስም ስለጠራሃቸው ነው። በኮንስትራክተር ተቀበላቸው፤ ቴስት ላይ ትራምፖሊን ስጣቸው፣ ሁሉም እዚያው በተራ ይሠራል። ዲባውንስ (ጥቂት ጸጥታ ጠብቆ የመጨረሻውን ብቻ ማሳለፍ) ካለህ ቴስትስኬጁለር ይሻላል፣ ሰዓቱን ራስህ ወደፊት ትገፋዋለህ። እኔ ይህን ያላደረገ ኮድ ንጹሕ ነው አልልም።

ጥያቄ፦ ወደ ኮሩቲን (የኮትሊን የራሱ የጀርባ ሥራ መንገድ) ልቀይር?

መልስ፦ አዲስ ፕሮጀክት ከሆነ አዎ። የሚሠራውን ግን አታፍርስ። ስትቀይር ፍሎውኦን (በኮሩቲን በኩል ያለው ትሬድ መቀየሪያ) የሚነካው ከሱ በላይ ያለውን ብቻ መሆኑን ያዝ፤ ከኦብዘርቭኦን የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።