ወይራው በሽታ የለበትም፣ ጥላ ነው ያጣው

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአንኮበር ወረዳ ነው። ማሳዬ ጥግ ትልቅ ወይራ ነበር፣ ለቤት ምሰሶ ቆረጥነው። በምትኩ በየክረምቱ ከችግኝ ጣቢያ እያመጣሁ እተክላለሁ። ቦታውን በደንብ አጽድቼ ነው የምተክለው። እስከ መስከረም ያምርበታል፣ ጥር ላይ ግን ድርቅ ይላል። አንዳንዱ ጫፉ የለም። በሽታ ይሆን? የሚረጭ መድኃኒት ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለመድኃኒት ብለው ገንዘብዎን አያውጡ። ችግኙን በዓይኔ ባላየውም በሽታ አይመስለኝም። ክረምቱን አምሮበት ከርሞ በጋ ሲገባ የሚደርቅ ችግኝ ፀሐይና ጥማት ነው የሚገድለው። ጫፉ የሌለውን ማን እንደበላው ደግሞ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። ፍየሎቹ በዚያ በኩል ነው መሰለኝ የሚውሉት።

እኔን የያዘኝ «በደንብ አጽድቼ» ያሏት ነገር ናት። ምኑን ነው ያጸዱት? አጋሙን፣ ቀጋውን፣ ክትክታውን፣ ደደሆውን አይደል? አይቆጡኝና፣ ይህን ነገር በየቦታው አየዋለሁ። ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ከዚያ መሐል ላይ አንዲት ስንዝር የምታህል ወይራ ትተከልና የኅዳር ውርጭም የየካቲት ፀሐይም ብቻዋን ያገኟታል። ለጤፍ መሬት ማጽዳት ሌላ፣ ለወይራ ሌላ። ወይራ ሲያድግ ፀሐይ የሚችል ዛፍ ነው፣ በልጅነቱ ግን ከለላ ይፈልጋል።

ወደ ወፍ ዋሻ ደን ጥግ ወይም ወደ ሰበካዎ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቅ ብለው ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ወይራ ይፈልጉ። ብዙውን የሚያገኙት ቁጥቋጦ ሥር ነው። ወፏ ፍሬውን ትበላና ቁጥቋጦው ላይ አርፋ ዘሩን እዚያው ትጥለዋለች፣ ከዚያ ጥላው ያሳድገዋል። ትግራይ ውስጥ በተደረገ ሙከራም ቁጥቋጦ ሥር የተተከለው ወይራ ገላጣ ላይ ከተተከለው ይልቅ በጋውን በተሻለ ሁኔታ አልፏል። በተለይ ደደሆ ሥር።

ስለዚህ ዘንድሮ ገጀራውን ቤት ይተዉትና ቁጥቋጦውን ይምረጡ። ደደሆ ካለ እሰየው፣ ከሌለ አጋም ወይም ቀጋ ይሁን፣ እሾሃቸው ፍየሏንም ይመልሳል። እኛ አገር የበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል ችግኙን ከቁጥቋጦው በስተሰሜን፣ ጥላው በሚያርፍበት በኩል ይትከሉት። ከግንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቁ፣ አለዚያ ሥር ለሥር ይሻማሉ። ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ይበቃል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ከተር ያድርጉለት፣ ወርዶ የሚያልፈው ጎርፍ ትንሽ ይቆምለታል። እዚያ የረገፈውን ቅጠል አይጥረጉት፣ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ቅጠል ሲያይ መጥረጊያ ያነሳል! ወይራው አድጎ አናቱን ከቁጥቋጦው በላይ ሲያወጣ ያኔ የሚጫነውን ቅርንጫፍ እየቆረጡ ፀሐይ ያሳዩት፣ የቆረጡትንም እሾህ እዚያው ዙሪያውን ይከምሩበት። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አያወጡም።

የችግኙን ላስቲክ ቀድደው አውጥተው ነው አይደል የሚተክሉት? ከነላስቲኩ የሚቀብር ሰው ስለማይጠፋ ነው። ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ አይጠብቁ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከገባ ሥሩን ለመስደድ ጊዜ ያገኛል።

ከራስዎ ፍሬ ዘር ማፍላት ካሰቡም ሥጋውን አጥበው ያስወግዱ፣ ድንጋይ የመሰለውን ቅርፊት ውስጡ ሳይጎዳ በቀስታ ሰንጠቅ ያድርጉ፣ 48 ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉ። እንዲሁ የተዘራ ወይራ ለመብቀል ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የወይራን ነገር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ምሰሶ ሲሆን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ የመጥረቢያ እጀታ ሲሆን ዕድሜ አለው፣ የወተት ዕቃውና የጠላው ጋን ያለ እሱ ጭስ አይጥምም። ግን ለማጠኛ ተብሎ ለጋ ወይራ ሲገነጠል ሳይ ያናድደኛል። ደረቅ ስንጣሪ ከበቂ በላይ ነው፣ ለቤትም ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ግን አልጻፉልኝም። የዚያ የቆረጡት ወይራ ጉቶ አለ ወይስ ነቅለውታል? ካለ ከአዲሶቹ ችግኞች ሁሉ እሱ ይቀድማል። ወይራ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ የቆየና የጠለቀ ስለሆነም በጋ እንደ ችግኝ አያስደነግጠውም። እስካሁን ካላደገ እያቆጠቆጠ ፍየል እየበላው ይሆናል። ዙሪያውን በአጋም እሾህ ይጠሩትና ቀንበጡ ሲበረታ ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትተው ሌላውን ይቁረጡ። የሚቆርጡት ቀጭኑ መፋቂያ ይሆንዎታል።