የ«አይ» መስመሩ የት ሄደ? የአልጎሪዝም ጥያቄና መልስ

አስተናጋጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቲቸር ጥያቄ ይመልሳሉ። ርዕሱ ኮድ ከመጻፍ በፊት ስላለው ሥራ ነው፤ አልጎሪዝም፣ ሱዶኮድ፣ ፍሎውቻርት። ለማታውቋቸው፣ አራት ኪሎ አካባቢ ፕሮግራሚንግ ያስተምራሉ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት የደመወዝና የንብረት ፕሮግራም ሲሠሩ ኖረዋል።

ቲቸር፦ ደህና አመሻችሁ። እርሳስና ወረቀት የሌለው ሄዶ ያምጣ። ላፕቶፕ ይዘጋ። አንድ ነገር ደጋግሜ እላችኋለሁ፣ እንዳትሰለቹ። ከዳይመንድ፣ ፍሎውቻርት ላይ ጥያቄ ከሚጻፍበት ምልክት፣ ሁለት መስመር ይወጣል። አንዱ ላይ «አዎ»፣ አንዱ ላይ «አይ» ይጻፋል። ሁለቱም የሆነ ቦታ ይደርሳሉ። ጀምሩ።

ፍሬሽ፦ ቲቸር፣ የአልጎሪዝም፣ የሱዶኮድና የፍሎውቻርት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፈተና ላይ መጥቶ ግራ ገባኝ።

ቲቸር፦ አልጎሪዝም ዘዴው ነው። ሱዶኮድ ዘዴውን በቃል ስትጽፈው ነው፤ ፍሎውቻርት በሥዕል ስታወጣው። እናትህ የሽሮ አሠራር በስልክ ብትነግርህም፣ በወረቀት ብትጽፍልህም ሽሮው ያው ሽሮ ነው። ቀጣይ።

ማኪያቶ፦ ቃሉ ራሱ ከየት መጣ?

ቲቸር፦ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የሠራ የሒሳብ ሊቅ ነው። ፍሎውቻርት ደግሞ የመጣው ከፋብሪካ ነው። ጊልብሬዝ የሚባሉ ባልና ሚስት በ1921 እ.ኤ.አ. ለመሐንዲሶች አሳዩት። በ1940ዎቹ የሒሳብ ሊቆቹ ጎልድስታይንና ቮን ኖይማን ለኮምፒውተር አዋሉት። ታሪኩ በዚህ ይብቃን።

የፒያሳ ልጅ፦ ምልክቶቹን ሁሉ መሸምደድ ግድ ነው እንዴ? ሙሉ ገጽ ነው የሰጡን።

ቲቸር፦ አራቱ ይበቁሃል። ሞላላው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ። ጎኑ ያዘመመው ለሚገባና ለሚወጣ መረጃ። ሬክታንግሉ ለሥራ። ዳይመንዱ ለጥያቄ። ቀስትም እንዳትረሳ፤ ጫፍ የሌለው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ጀማሪዋ፦ እኔ «ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ መሄድ» የሚል ሱዶኮድ ጽፌ ነበር። 1. ታክሲ ያዝ። 2. ሜክሲኮ ውረድ። አስተማሪያችን ዜሮ ሰጠኝ።

ቲቸር፦ እኔም ብሆን ዜሮ ነበር የምሰጥሽ። ታክሲ ባይኖርስ? ቢኖርና ቢሞላስ? ረዳቱ «ስታዲየም ብቻ» ቢልስ? ኮምፒውተር ያላልሽውን አይገምትም፤ አራት ኪሎ ቆሞ ይቀራል። እያንዳንዱ «ቢሆንስ» አንድ ዳይመንድ ነው። ከዳይመንዱ ደግሞ ሁለት መስመር ይወጣል።

የፒያሳ ልጅ፦ በነገራችን ላይ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በፒያሳ ነው የሚሻለው። ቸርችልን ወርደህ፣ በጥቁር አንበሳ አድርገህ።

ካዛንቺስ፦ ኧረ ተው! በአምባሳደር፣ በስታዲየም፣ በለገሃር ነው እንጂ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስታዲየም ቆመህ ታውቃለህ ግን?

ካዛንቺስ፦ አንተስ ቸርችል ላይ?

ማኪያቶ፦ በእግራችሁ ብትነሱ እስካሁን ደርሳችሁ ነበር።

ቲቸር፦ በቃ። አንዳችሁም «ርካሹን ነው ፈጣኑን?» ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ሁለታችሁም ያልተጠየቀ ጥያቄ እየመለሳችሁ ነው። ግማሹ ፕሮግራመር እንዲህ ነው የሚሠራው። ቀጣይ።

ጥያቄ ብቻ፦ ቲቸር ኮዴ አይሠራም። ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ የቱ ኮድ? ምን ሰጠኸው? ምን መለሰልህ? ሐኪም ቤት ሄደህ «አሞኛል» ብለህ ዝም ትላለህ?

ሒሳብ ሹሟ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። እኔ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ ኮድ አላውቅም። የደመወዝ ግብሩን ፍሎውቻርት ሥዬ ለልጆቹ ልስጥ ብዬ ነው። ከየት ልጀምር?

ቲቸር፦ እርስዎ እንደሚያውቁት ይጀምሩ፤ ከብዙዎቹ ይሻላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። የግብር እርከኑን ቁጥር ዳይመንዱ ውስጥ አይጻፉት። እርከኖቹን ለብቻ በሠንጠረዥ ያውጧቸው፤ ዳይመንዱ «ደመወዙ ከዚህ እርከን ጣሪያ በላይ ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ። ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር አልነበር? አሁን 2000 ነው።

ፍሬሽ፦ 600 ነው እንጂ ቲቸር፣ መጽሐፋችን ላይ።

ሒሳብ ሹሟ፦ ልጄ፣ በ2017 ተሻሽሏል። መጽሐፍህ አርጅቷል።

ቲቸር፦ ይኸው አያችሁ? 600ን ዳይመንድ ውስጥ የጻፈ ሰው ሥዕሉን በሙሉ ሊቀድ ነው። እርስዎ ደግሞ ሲጨርሱ ድንበሩ ላይ ይፈትኑት። ልክ 2000 ብር ያስገቡ። በቀጣዩ እርከን፣ በ15 በመቶው መንገድ ቢሄድ 300 ይመጣል፣ የእርከኑ ተቀናሽ 300፣ ውጤቱ ዜሮ። በነጻው መንገድም ዜሮ። ሁለቱ መንገዶች ድንበሩ ላይ ካልተገናኙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ካዛንቺስ፦ ፓይተን ይሻላል ጃቫ?

ቲቸር፦ አልመልስም።

ማኪያቶ፦ ሱዶኮድ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል ወይስ የግድ በእንግሊዝኛ?

የፒያሳ ልጅ፦ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ። ለኮዱ ይቀርባል።

ጀማሪዋ፦ ለኮዱ ከቀረበማ ኮዱን አትጽፈውም? እኔ በአማርኛ ስጽፍ ነው የማስበው።

የፒያሳ ልጅ፦ ሥራ ቦታ ማን ያነብልሻል?

ጀማሪዋ፦ ሒሳብ ሹሟ ያነቡልኛል።

ቲቸር፦ ልጅቷ አሸነፈች። ለራስህና ሥራውን ለሚያውቀው ሰው ነው የምትጽፈው። ኮምፒውተሩ ሱዶኮድ አያነብም።

ፍሬሽ፦ ሉፕ፣ ማለት ድግግሞሹ፣ መቼ እንደሚቆም እንዴት አውቃለሁ? ሁሌ አንድ ይበዛብኛል ወይ አንድ ይጎድልብኛል።

ቲቸር፦ ይሄን እኔም በደንብ ነው የከፈልኩበት። ድሮ ለአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ፕሮግራም ሠራሁ። የዓመቱ ሪፖርት በየወሩ የሚደምር ሉፕ ነበረው፤ ከ1 እስከ 12። የተማርኩት ከፈረንጅ መጽሐፍ ነዋ። ጳጉሜ 3 ቀን የተገዛ ወረቀትና ቀለም ሪፖርቱ ላይ የለም። ደረሰኙ አለ፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ድምሩ ላይ የለም። የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠየቅ ዋለች። ጥፋቱ የእኔ 12 ነበር። ወረቀት ላይ የመጨረሻውን ዙር ብቻ በእጄ አስኪጄው ቢሆን በአምስት ደቂቃ አየው ነበር። አንተም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዙር በእርሳስ አስኪድ። የመሀሉ ራሱን ይችላል።

ካዛንቺስ፦ ቲቸር፣ ምሳሌው ሁሌ የፈረንጅ ነው። የእኛ አልጎሪዝም የለም?

ቲቸር፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። ባሕረ ሐሳብ ምን መሰለህ? ጾምና በዓላት በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚያወጣ ንጹሕ አልጎሪዝም ነው። ድሜጥሮስ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ደረሰው ይባላል። ግብዓት አለው፣ ሥራ አለው፣ ዳይመንድ አለው። በሱዶኮድ ላስቀምጥልህ።

ዓመትን አንብብ
ዓመተ ዓለም = 5500 + ዓመት
መደብ = ዓመተ ዓለም ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው
ወንበር = መደብ ሲቀነስ 1
መጥቅዕ = ወንበር × 19፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው
መጥቅዕ ከ14 በላይ ነው?
አዎ፦ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም
አይ፦ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት

በ2018 አስኪዱት። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ወንበር 12። 12 በ19፣ 228። ለ30 ሲካፈል 18 ይተርፋል። 18 ከ14 ይበልጣል፣ ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18። ዕለቱ እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት የሚጨመረው ቁጥር፣ 7። 18 እና 7፣ 25። መባጃ ሐመር ማለት ይሄ ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፣ ሰኞ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፤ 30ውን ስትጥል 4። ሚያዝያ 4። ካላንደር አውጥታችሁ እዩት።

ጀማሪዋ፦ መጥቅዑ ልክ 14 ቢሆንስ? አዎ ነው አይ?

ቲቸር፦ እሰይ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። 14 አይሆንም። ወንበር ከ0 እስከ 18 ነው፣ 19 ዓይነት ብቻ። ሁሉንም አስኪጂው፤ 13 ይመጣል፣ 15 ይመጣል፣ 14 በጭራሽ አይመጣም። ሊቃውንቱ ድንበሩን ባዶ ቦታ ላይ ነው የተከሉት። እኛ የደመወዝ ፕሮግራም ላይ እንደዚህ ብንጠነቀቅ ኖሮ!

ነገር ግን ከላይ በጻፍኩት ሱዶኮድ ውስጥ ሆን ብዬ ሁለት ጉድጓድ ትቻለሁ። ማን አገኘው?

ፍሬሽ፦ መደብ ዜሮ ከሆነ ወንበር ከዜሮ በታች ይሆናል?

ቲቸር፦ ጎበዝ። መቼ ይሆናል?

ፍሬሽ፦ ቆይ... 7524 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። 2024 ዓ.ም.!

ቲቸር፦ ትክክል። ያኔ ወንበር 18 ነው የሚባለው፣ መጥቅዕ 12፣ ጥቅምት 12። ሁለተኛውስ?

የፒያሳ ልጅ፦ 2025 ላይ መደብ 1፣ ወንበር 0፣ መጥቅዕም 0። ጥቅምት 0 ይላል።

ቲቸር፦ ጥቅምት 0 የሚባል ቀን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወንበር አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ነው፣ መስከረም 30። ሁለት ተጨማሪ ዳይመንድ፣ አራት መስመር። ፕሮግራሙን ዛሬ ብትጽፉት በ2018 ይሠራል፣ በ2019ም ይሠራል፣ ትመሰገናላችሁ። 2024 ሲመጣ ስልካችሁ ይጮሃል።

ጥያቄ ብቻ፦ ቲቸር፣ የአልጎሪዝምና የሱዶኮድ ልዩነት ምንድን ነው?

ቲቸር፦ ወደ ላይ ውጣ። ሽሮ።

ማኪያቶ፦ ይሄን ሁሉ ቻትጂፒቲ ይጽፈው የለ እንዴ?

ቲቸር፦ ይጽፈዋል። ጥቅምት 0 ቢጽፍልህ የሚያውቅበት ማን ነው?

ካዛንቺስ፦ የእኔ ፍሎውቻርት ቀስቱ ተጠላልፎ ሸረሪት ድር ሆኗል። ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ ቅደም ተከተል፣ ምርጫ፣ ድግግሞሽ። ቦምና ያኮፒኒ የሚባሉ የኮምፒውተር ሊቃውንት በ1966 እ.ኤ.አ. ማንኛውም ፕሮግራም በእነዚህ ሦስት ቅርጾች እንደሚሠራ አሳይተዋል። ወደ ሌላ ሉፕ ሆድ ውስጥ የሚዘል ቀስት ካለህ አጥፋው።

አስተናጋጅ፦ 4 ሰዓት ሊሞላ ነው ቤተሰብ። የመጨረሻ ጥያቄ።

ጥያቄ ብቻ፦ እሺ ቲቸር፣ ባሕረ ሐሳቡን ሥዬዋለሁ። ፎቶውን ልኬዋለሁ፣ ይዩልኝ።

ቲቸር፦ ደህና ነው። ጽሑፍህ ያምራል። ሦስተኛው ዳይመንድ ላይ የ«አይ» መስመሩ የት ሄደ?

ጥያቄ ብቻ፦ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ቲቸር፦ ጀርባው ላይ ቀጥል።