«እብጠቱ ጠፍቷል፣ ፕሬድኒሶሎኑን ላቁምለት?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ4 ዓመት ልጅሽ ኔፍሮቲክ ሲንድረም (ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስበት በሽታ) ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን ከጀመረ 12 ቀኑ ነው። እብጠቱ ጠፋ፣ ሽንቱ ጸዳ፤ ፊቱ ግን ክብ ሆነ፣ ጸባዩም ተቀየረ። «ከዳነ ይህን ሁሉ ኪኒን ለምን ላጉርሰው?» ብለሻል፣ መጨረሻው የኩላሊት እጥበት እንዳይሆንም ፈርተሻል። ሐኪም አይደለሁም። ልጄ ግን በ4 ዓመቱ ታሞ አሁን 9 ዓመቱ ነው። መልሴ አታቁሚ ነው። እኔ አቁሜ አይቼዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ። ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ሥር አብጦ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል። አንድ ክሊኒክ አለርጂ ነው ብሎ የዓይን ጠብታና ሽሮፕ ሰጠን። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ ሳንጠባጥብ ከረምኩ። ጎረቤት «ምን ብታበይው ነው እንዲህ ያማረበት?» ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል! የነቃሁት ማታ ካልሲውን ሳወልቅለት ነው። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦይ ሠርቷል፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው የጎደጎደው ቶሎ አልመለስ አለ። ፖፖው ውስጥ ደግሞ የኦሞ ውሃ የመሰለ አረፋ። በነጋታው አዝዬው በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ ወረድኩ። የሽንት ፕሮቲኑ 4 ፕላስ፣ አልቡሚን የሚባለው የደሙ ፕሮቲን ወርዶ 1.6፣ ኮሌስትሮሉም ከፍ ብሎ ተገኘ።

የኩላሊቱ ማጣሪያ አልቡሚኑን በሽንት ያፈሰዋል፤ ውሃውን ደም ሥር ውስጥ የሚይዘው እሱ ስለሆነ፣ ሲጎድል ውሃው ወጥቶ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ኩላሊት ደከመ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የልጄ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) ደህና ነበር። በዚህ ዕድሜ ከ10 ልጆች 8 ወይም 9ኙን ፕሬድኒሶሎን ይሠራላቸዋል፣ የሠራላቸው ልጆች ኩላሊት ደግሞ በአብዛኛው ደህና ሆኖ ይዘልቃል። ያንቺ ልጅ በ12 ቀኑ ጸድቷል፤ ስለ እጥበቱ ማሰቡን ለጊዜው ተይው። ናሙና ከኩላሊት የሚወስዱትም በተለምዶ መድኃኒቱ እምቢ ካለ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በቀን 8 ፍሬ፣ ባለ 5 ሚሊግራም፣ ከቁርስ በኋላ ነበር የሚወስደው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ «እንጀራ!» ይላል። የአጎቱን ልጅ ክንድ ነከሰ። አማቴ «ይሄ መድኃኒት ልጁን ይጨርሰዋል፣ ጸበል ይሻለዋል» አሉ። እሳቸው ላይ አላላክክም፤ ልቤ ከእሳቸው ቀድሞ ሸፍቶ ነበር። በ3ኛው ሳምንት ለማንም ሳልነግር አቆምኩ። በ9ኛው ቀን ቆለጡ ሳይቀር አብጦ ተመለስን፣ ከ«ሀ» ጀመርን። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። በሽታው ማገርሸቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን ነገረችኝ፤ መድኃኒቱን ሲወስድ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለሚተው፣ ድንገት ማቋረጡ ራሱ አደጋ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ ተቀንሶ ቀን እየዘለሉ ሌላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሰጣል፤ የልጅሽን ልክ የሚያሰላው ሐኪሙ ነው። ጉንጩ መድኃኒቱ ሲቀንስ ይመለሳል። ጸበሉንም ማንም አልከለከለንም፣ ኪኒኑ እስካልተቋረጠ ድረስ፤ እብጠት ባለበት ጊዜ ግን በጆግ ማጠጣት የለም።

ከመድኃኒት ቤት በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚያሳይ ስትሪፕ ግዢ፣ ውጤቱን የምትጽፊበት 50 ገጽ ደብተርም። ስትሪፑን ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ውስጥ ነክሬ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቄ፣ መስኮት አጠገብ ሄጄ ቀለሙን ከጠርሙሱ ጋር አስተያያለሁ። ቢጫ ከሆነ ፕሮቲን የለም፤ አረንጓዴው በጠቆረ ቁጥር ፕላሱ ይጨምራል። ክዳኑን ወዲያው ግጠሚው፣ እርጥበት ያበላሸዋል። 3 ተከታታይ ቀን 3 ፕላስና ከዚያ በላይ ከሆነ አገርሽቷል ማለት ነው፣ ዓይኑ እስኪያብጥ ሳትጠብቂ ደውይ። ጉንፋን ሲይዘው አንድ ሁለት ቀን ብቅ ብሎ የሚጠፋ ፕሮቲንም አለ፤ እኔ መጀመሪያ ላይ በ1 ፕላስ አልቅሻለሁ። የኛ እስካሁን 4 ጊዜ አገርሽቷል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ተከትሎ። ማገርሸት የብዙዎቹ ዕጣ ስለሆነ መድኃኒቱ አልሠራም አትበይ። ቶሎ ቶሎ ለሚመላለስባቸው እንደ ሌቫሚሶልና ማይኮፌኖሌት ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ጨው ቀንሺለት ተብዬ ነበር፣ እዚያም ላይ ተሸውጃለሁ። ከወጡ ጨው አውጥቼ ተኩራራሁ፤ ለካ በርበሬውም ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል! ለእሱ ብቻ ጨው የሌለው ሽሮ አስፈጨሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አበዛሁበት። «የፈሰሰውን ይተካ» ብዬ በቀን ሦስት እንቁላል መስጠቴም ከንቱ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ልጅ ይብላ።

ትኩሳት ከሆድ ሕመም ጋር፣ ኪኒኑን የሚያስመልስ ትውከት፣ የሽንት መቀነስ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ከዋለም ያኑ ዕለት ንገሪያቸው። የኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ዘመቻ በርሽን ቢያንኳኳ ፕሬድኒሶሎን ላይ መሆኑን ተናገሪ፤ ከፍተኛ ዶዝ ላይ እያለ ሕያው ክትባት አይሰጥም፣ ሐኪሙ ጊዜውን ይነግርሻል።

መዋዕለ ሕፃናት ልላከው ወይ ላልሽው፣ እኔ እብጠቱ ከወረደ በኋላ ልኬዋለሁ። ለመምህሯ «ቺፕስ አይብላ፣ ሽንት ቤት ሲጠይቅ ይፈቀድለት፣ ጉንጫሙ አይባል» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። ሦስተኛውን ልጆቹ አላከበሩትም።