ሰውነትን መጥላት ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አፍንጫዬን በመስታወት ሳላይ መዋል አልችልም፤ ባየሁት ቁጥር ግን ይብስብኛል። ለምን?

መልስ፦ ዓይንሽን አንድ ቦታ ላይ ተክለሽ ስለምታዪ ነው። ከአንድ ስንዝር ርቀት ያፈጠጡበት አፍንጫ የማንም ይሁን የማን ገዝፎ ይታያል። አይተሽ ለጥቂት ደቂቃ ይቀልሻል፣ ጥርጣሬው ሲመለስ እንደገና ታያለሽ፤ ልማዱን የምታሰነብተው ያቺ አጭር እፎይታ ናት። መጀመሪያ ለሦስት ቀን ያህል በቀን ስንቴ እንደምታዪ መዝግቢ፤ የስልክ ካሜራና የመኪና መስኮትም ይቆጠራሉ። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀንሺ። ስታዪ አንድ ሜትር ያህል ራቂ፣ ከፀጉርሽ እስከ እግርሽ ድረስ ተመልከቺ፣ ለራስሽም ቅርጽና ቀለም ብቻ ተናገሪ። «አስቀያሚ» ፍርድ እንጂ ቅርጽ አይደለም። መስታወቱን ጭራሽ መሸፈን ግን አልመክርም፤ ሽሽት ፍርሃትን ያጸናል።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የቲክቶክ ነው?

መልስ፦ በከፊል። ሰው ራሱን የሚለካው ከሌላው ጋር እያነጻጸረ መሆኑን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ስልኩ የሚያነጻጽሩትን ሰው አበዛው እንጂ ጠባዩን አልፈጠረውም። ሞላ ያለ ሰውነት በሚወደድባት የፓስፊክ ደሴት አገር ፊጂ፣ ናድሮጋ አካባቢ ቴሌቪዥን በ1995 እ.ኤ.አ. ገባ። ክብደት ለመቀነስ የሚያስመልሱ ሴት ተማሪዎች ያኔ አልነበሩም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። ሁለቱ ጊዜ የተጠየቁት የተለያዩ ተማሪዎች ስለሆኑ ጥናቱ ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። ለማንኛውም፣ አይተሽው ስትጨርሺ ሆድሽን የሚያስነካሽን ገጽ መከተል አቁሚ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ደረቱ እንደ በር ሰፍቶ «ቀጭን ነኝ» ይላል። ጂም ካልሄደ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል።

መልስ፦ የጡንቻው መጠን ምንም አይነግርሽም። ተጎድቶም ክብደት ያነሳል? ምግቡ እንዳይዛባ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር መብላት ትቷል? በሙቀት ሰፊ ሹራብ ይለብሳል? እነዚህ ከተደራረቡ መስል ዲስሞርፊያ፣ ማለትም ጡንቻ እያለ «ቀጭን ነኝ» ብሎ የመጨነቅ ሕመም፣ ሊሆን ይችላል። «ኧረ ግዙፍ ነህ» እያሉ ማጽናናት አይሠራም፤ ማረጋገጫ መጠየቁን ያበዛዋል። መርፌ ወይም ኪኒን ይወስድ እንደሆነ ግን ሳትቆጪ ጠይቂው፤ ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰድ ስቴሮይድ ልብን ይጎዳል፣ መካንም ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዘመድ ሁሉ ሲያገኘኝ «ወፈርሽ» ይላል።

መልስ፦ ለእነሱ ሰላምታ ነው። «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ብለሽ ወሬውን አዙሪው፤ ክርክር ጉዳዩን ያስረዝመዋል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ ስለ መልክሽ የሚያስጨንቅሽ ሐሳብ በቀን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከወሰደ፣ ወይም ከትምህርትና ከሥራ ካስቀረ። ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር፣ ማለትም ሌላው በማያየው ወይም ቀላል በሚለው የመልክ ጉድለት ከልክ በላይ የመጨነቅ ሕመም፣ ከሆነ ሲቢቲ የተባለው የንግግር ሕክምናና በሐኪም የሚታዘዙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ይረዳሉ። የውበት ቀዶ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከማዛወር አያልፍም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።