ለአንኮሯ ጠያቂ፦ ሹፌርና አስጎብኚ ለየቅል ናቸው

ሰላም እህቴ። «እናቴን ይዤ ካምቦዲያ ልሄድ ነው። የአንኮርን ቤተ መቅደሶች የ4 ቀን ጉብኝት ከወዲሁ ኦንላይን ልክፈል ወይስ እዚያው ደርሼ ልፈልግ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ከሥሩ «ዝም ብለሽ ሂጂ፣ አሪፍ ነው» የሚሉሽ ሰዎች አሉ። አሪፍ መሆኑንማ ማን ካደ። እኔም እናቴን ይዤ ሄጃለሁ፤ በመጋቢት ወር፣ ያውም በዐቢይ ጾም። 460 ዶላር ቀድሜ ከፍዬ የመጀመሪያውን ቀን ግን ድንጋይ ከድንጋይ ሳልለይ ዋልኩ። አንቺም እንዳትሸወጂ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ስለ ቪዛና ስለ አውሮፕላን ትኬት አልነግርሽም፤ እሱን የትም ታገኚዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርታችሁ አትለዩት። ከኢትዮጵያ የሚነሳን ሰው ታይላንድም ካምቦዲያም ይጠይቃሉ። እኛ በባንኮክ በኩል ነው ያለፍነው።

1. ከመክፈልሽ በፊት «በሩን አልፎ ከእኛ ጋር የሚገባው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ።

እኔ አልጠየቅሁም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ፎቶው ያምራል፣ «የ4 ቀን የተመራ ጉብኝት» ይላል፣ ከሥሩ «እንግሊዝኛ ተናጋሪ» የሚል አለ። እኔ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲል አስጎብኚው መሰለኝ። ለካ ሹፌሩ ኖሯል! በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ትሁት ልጅ መጣ፣ አንኮር ዋት በር ላይ አወረደን፣ ውሃ ሰጠን፣ ከዚያ «ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል፤ እዚህ ዛፍ ሥር እጠብቃችኋለሁ» አለን። አንተስ አትገባም? አልኩት። ሳቀ። ቢፈልግም አይችልም። አንኮር ውስጥ እንግዳ ይዞ እየዞረ ማስረዳት የሚፈቀደው ፈቃድ ላለው አስጎብኚ ብቻ ነው። ዩኒፎርም አላቸው፣ ባጅ ያንጠለጥላሉ። ሹፌር ሹፌር ነው።

ገባን እንግዲህ። ዙሪያውን ያለው የውሃ ቦይ ብቻ 190 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የድንጋዩን ድልድይ ተሻግረን እስክንገባ እማዬ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ቅርጽ ነው። አንደኛው ቅርጽ ወደ 49 ሜትር ይረዝማል፤ ብዙ ሰዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አንድ ትልቅ እባብ ይጎትታሉ። እኔና እማዬ የገመድ ጉተታ ውድድር ነው ብለን ተስማማን። እውነቴን ነው። ወደ ላይኛው ደረጃ ስንሄድ ደግሞ ተዘግቷል። የቡድሃ እምነት በዓል ቀን ነበር ለካ፤ በወር አራት ጊዜ ያህል በጨረቃ አቆጣጠር ይውላል። አስጎብኚ ቢኖረን ያንን ቀን ሌላ ቦታ ይወስደን ነበር። ሹፌሩ ይህን ለመንገር አልተከፈለውም።

ከሰዓት እማዬን ሆቴል አስቀምጬ ቢሮአቸው ሄድኩ። አንድ ወጣት ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል። ቀና አላለም። ሰላምታዬንም አልመለሰም። ወረቀቴን ሳሳየው ገልብጦ የመጨረሻዋን መስመር በጣቱ ጠቆመኝ። ጉንዳን በምታክል ፊደል «ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በተጨማሪ ክፍያ» ትላለች። መግቢያ ትኬትም የለበትም። «ታዲያ የተመራ ጉብኝት ያላችሁት ምኑን ነው?» አልኩት። «መኪናው ይመራችኋል» አለኝ። በናትሽ! መኪናው ይመራችኋል! ገንዘቤን መልሱ ስል ከሰባት ቀን በፊት ካልተሰረዘ አይመለስም። ኃላፊ ጥራልኝ ስል ኃላፊው የሉም። መቼ ይመጣሉ ስል ትከሻውን ነቀነቀ። ቀበሌ ናፈቀኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እዚያ ቢያንስ «ነገ ነይ» ይሉሻል። ከዚያ ቢሮ ይዤ የወጣሁት አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ያዳነኝ ያው ሹፌር ነው። ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቀኝ አንድ ቁጥር ጻፈልኝ። ፈቃድ ያለው የአክስቱ ልጅ ነው፤ በቀን 45 ዶላር። ለቀሩት ሦስት ቀናት ያዝኩት።

ሒሳቡን ላሳይሽ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያቃጥለኛል። እኔ 460 እና 135፣ በድምሩ 595 ዶላር አወጣሁ። እዚያው ደርሼ ብፈልግ ኖሮ አስጎብኚ ለ4 ቀን 180፣ ለሦስቱ ቀን ባጃጅ 60፣ ለሩቁ ቀን መኪና 90፤ ይኸው 330። 265 ዶላር ለአንዲት መስመር! (ባጃጅ ስልሽ እንደኛው አይደለም። ሞተር ሳይክል የሚጎትተው ጣሪያ ያለው ጋሪ ነው። ነፋስ ይገባል፤ እማዬ ከመኪናው ይልቅ እሱን ነው የወደደችው።)

2. ትኬቱን ራስሽ ግዢ። የአንድ ቀን 37፣ የሦስት ቀን 62፣ የሰባት ቀን 72 ዶላር ነው። ፎቶሽን አንስተው ትኬቱ ላይ ያትሙታል፣ ስለዚህ ከሰው መቀበል የለም። የሦስት ቀኑ ተከታታይ መሆን የለበትም፤ በ10 ቀን ውስጥ ትጠቀሚበታለሽ። የእናትሽ ጉልበት እንደ እናቴ ከሆነ መሃል ላይ አንድ ቀን አሳርፊያት። ደግሞ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ ከገዛሽ ለነገ ይቆጠርልሽና ያንኑ ምሽት ገብተሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ታያለሽ። ዶላርሽ ንጹሕ ይሁን። ጫፉ ትንሽ የተቀደደ ኖት ማንም አይቀበልሽም።

3. ልብስ። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። በሁለተኛው ቀን ከአስጎብኚው ጋር አንኮር ዋት ተመለስን። ባካን የሚባለው የላይኛው ደረጃ ተከፍቷል። አንድ ጊዜ ውስጥ መሆን የሚችለው መቶ ሰው ብቻ ስለሆነ ተሰልፈን ጠበቅን። እኔ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሼ ከላይ ነጠላ ደርቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባ ነጠላ እዚህማ ምን ይጎድለዋል ብዬ። ጠባቂዋ ነጠላውን በሁለት ጣት አንሥታ ትከሻዬን አየችና «አይቻልም» አለች። የሚደረብ ነገር አይቀበሉም፤ የተሰፋ እጅጌ ነው የሚፈልጉት፤ ጉልበትም መሸፈን አለበት። እማዬ ግን እንደ ሁልጊዜው እጅጌ ሙሉ ቀሚሷን ለብሳለች። አየችኝ፣ ደረጃውን አየች። ቀጥ ያለ ነው፤ የእንጨት ደረጃና መደገፊያ ተሠርቶለት እንኳ ያስፈራል። «አንቺ ቁጭ በይ» አለችኝና አስጎብኚውን ተደግፋ ወጣች። ከቦሌ ጀምሮ ጉልበቴ ጉልበቴ ስትል የነበረችው ሴትዮ! እኔ ሥር ሆኜ ቦርሳ ስጠብቅ ቆየሁ። እስካሁን ለዘመድ ሁሉ ትነግራለች።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ያ የገመድ ጉተታ ያልነው ነገር፣ አማልክትና አጋንንት የማይሞቱበትን መድኃኒት ለማግኘት የወተት ባሕር ሲንጡ ነው። እባቡ ገመዳቸው ነው። 92 አጋንንት በአንድ በኩል፣ 88 አማልክት በሌላው። እማዬ «መናጥ ነው እንዴ!» ብላ ሳቀች፤ ቅቤ የናጠች ሴት አይደለች። በደቡቡ በኩል ደግሞ 37 ገነትና 32 ሲኦል ተቀርጿል። እዚያ ጋ ሳቋን አቆመች። ኃጢአተኞቹ ሲጎተቱ፣ ሲደበደቡ አየችና አማተበች። «የእኛን የምጽዓት ሥዕል መሰለኝ» አለች። ቤተ መቅደሱን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ ነው፤ ቪሽኑ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከማማዎቹ ኋላ ትወጣለች። ሰው ሁሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ኩሬው ዳር የሚጋፋው ለዚህ ነው። እኛም ተጋፍተናል። የአንድ ቀን ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለእኔ ባዮን የሚባለው ቤተ መቅደስ ነው። ከየማማው ላይ ትልልቅ የድንጋይ ፊቶች ቁልቁል ያዩሻል፤ የትም ብትቆሚ አንዱ ያይሻል። ያሠራው ጃያቫርማን 7ኛ ነው፤ በ1181 እ.ኤ.አ. ነገሠ። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን «ቆይ ቆይ» አልኩት። የእኛ ላሊበላም በዚያው ዘመን ነው እኮ! በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው የገዛው። ሁለቱ በአንድ ሰማይ ሥር አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ድንጋይ ያስጠርቡ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ቤተ ጊዮርጊስን አሳየሁት። ልጁ አጉልቶ አጉልቶ አየና «ድንጋዩን ከየት አመጡት?» አለኝ። እነሱ ከኩሌን ተራራ ፈልጠው ነው ያመጡት። «አላመጡትም፣ እዚያው ነው የነበረው፤ ዙሪያውን ነው የቆፈሩት» አልኩት። ፎቶውን ላኪልኝ አለ። በዚያ ቢሮ ያጣሁትን ክብር በሙሉ እዚያች ጋ አስመለስኩ።

ባዮን ሥር ያለውን ግድግዳ ግን እንዳታልፊው። ንጉሥ ብቻ አይደለም የተቀረጸው፤ ገበያ፣ ዶሮ ማዋጋት፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች። ከአስጎብኚ ጋር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ያለ እሱ አምስት ደቂቃ።

በሦስተኛው ቀን ታ ፕሮም ገባን፤ ያ የዛፍ ሥር ግንቡን ያቀፈበት። ፎቶ የሚነሣው ሰልፍ ያስጠላል፣ ቦታው ግን ልብ ይነካል። ጃያቫርማን ይህን በ1186 ለእናቱ መታሰቢያ ነው ያቆመው። እዚያው በተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ መሠረት ቤተ መቅደሱ 615 ጨፋሪዎች ነበሩት፤ በየመንደሩ ሆነው የሚቀልቡት ደግሞ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። እማዬ አየችኝ። «አንቺ ያመጣሽኝ በተበላሽ ገንዘብ ነው» አለች። ከዚያ ባንቴይ ስሬይ የምትባል ቤተ መቅደስ ሄድን። ትንሽ ናት፣ በ967 የተመረቀች፣ ድንጋይዋ ወደ ሮዝ ያደላል። ደረጃ የለም፣ አቀበት የለም። ለእናትሽ ይህችን አትዝለይ።

አራተኛው ቀን ኮህ ኬር ነው፤ አንኮር አጠገብ ካለችው ከተማ ከሲየም ሪፕ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ትኬቱ ለብቻው 15 ዶላር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ለጥቂት ዓመታት ዋና ከተማቸው ነበረች። 36 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ ሰባት እርከን ፒራሚድ አለ። እኔን ያስቆመኝ ግን እሱ አይደለም። ከዚህ ቦታ ብዙ ሐውልት ተዘርፏል፤ የአንዳንዱ እግር ብቻ መቆሚያው ላይ ቀርቶ ተገኝቷል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለት ተንበርካኪ ሐውልቶች መልሶላቸዋል። ለአስጎብኚው መቅደላን ነገርኩት። ዝም ብለን ተያየን። (ከተጠረገው መንገድ አትውጪ፤ በዚያ አገር ገጠር ገና ያልተነሣ ፈንጂ አለ።) አንዳንዱ ወኪል ፕሬአ ቪሂርን ልጨምርልሽ ይልሻል። በታይላንድ ድንበር ገደል ላይ ያለ ቤተ መቅደስ ነው፤ ሁለቱ አገሮች በ2025 እ.ኤ.አ. ተታኩሰውበታል። ከእናትሽ ጋርማ ይቅርብሽ።

ምግብ። አንቺም በጾም ከሆነ የምትሄጂው ስሚኝ፦ «አትክልት ብቻ» ማለት እዚያ አይበቃም። የዓሣ መረቁና ፕራሆክ የሚሉት የኮመጠጠ ዓሣ የማይገባበት ወጥ የለም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ እማዬ አትበላም፣ አለቀ። ሁለት ቀን ነጭ ሩዝና ማንጎ በላች። ከዚያ ከሻንጣዋ ግርጌ እኔ ሳላውቅ የቋጠረችው በሶ ወጣ። ለአስጎብኚውም በጠበጠችለት። እስከ መጨረሻው ጠጣው፤ ከትህትና ይሁን ወዶት አላውቅም።

ሹፌሩ አሁንም በዋትሳፕ «ማክ እንዴት ናት?» ይለኛል፤ እማማ ማለቱ ነው። የአክስቱን ልጅ ቁጥር ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ቀኑን ብቻ ቀደም ብለሽ ንገሪው፤ ጥር ላይ ከሆነ ቶሎ ይያዛል።