«ነፃ ያወጣን ማን ነው?» ለምትሉኝ ልጆቼ

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከፍቼ ወደ እንጦጦ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት በዚሁ በኩል ነው። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የድል በዓል ሲቃረብ የሰፈሩ ተማሪዎች ደጄ ድረስ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ከጣሊያን ነፃ ያወጡን አርበኞች ናቸው ወይስ እንግሊዞች?»

ወጣት መምህር ሳለሁ «አርበኞች!» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፍ ነበር። መልሱ ሐሰት አልነበረም። አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን በየምሽጉ ባያስጨንቀው ኖሮ የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከሞቃዲሾ ተነስቶ በስድስት ሳምንት ገደማ አዲስ አበባ ባልደረሰ ነበር። የሚቆጨኝ ሳልናገር ያስቀረሁት ነው።

«እንግሊዝ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ጦር ውስጥ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ። ከረንን ለማስለቀቅ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 በዚያ ገደል ሲዋጉ ከወደቁት ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ጅጅጋ አጠገብ ያለውን የማርዳን የተራራ መተላለፊያ ሰብረው ሐረር የገቡት ናይጄሪያውያን ናቸው። ጎጃም ላይ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጋር የዘመቱት ሱዳናውያን፣ ከእኛው ሰዎች ጎን ተሰልፈው ነበር። ደምቢ ዶሎ ላይ ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሰኔ 26 እጁን የሰጠው ከቤልጂግ ኮንጎ ለመጣ ጦር ነው። የእነዚህ ሰዎች አገር ያኔ በባዕድ እጅ ነበር። የራሳቸው ባንዲራ ሳይኖራቸው የእኛን ሊያስመልሱ ሞቱ። ይህን ለክፍል ተማሪዎቼ አንድም ቀን በቅጡ አልነገርኳቸውም።

እንግሊዝን ማመስገን የሚከብደው ሰው ምክንያት የለውም አልልም። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ስትያዝ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ፤ እንግሊዞች ለጣሊያን ሰላማዊ ሰዎች ያሰጋል ብለው አንድ ወር ያህል አቆዩአቸው። በእንግሊዝ እጅ የቀረው ኦጋዴን እስከ 1941፣ በሱማሌ ድንበር ያለው የሐውድ ግጦሽ ምድርም እስከ 1947 አልተመለሰልንም። እነዚህን ዓመታት በልባችሁ ያዟቸው። ነገር ግን የለንደን ፖለቲካ የናይጄሪያዊውን ወታደር ደም አይሽረውም።

ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ፣ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ አባል ናቸው። ስለ ኮሪያ ጦርነት ተወርቶ አሜሪካ ብቻ ሲነሳ ያማቸው ነበር። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀው፣ አንድም ሰው ሳይማረክ፣ እንዴት ስማችን ይዘለላል ይላሉ። በደቡብ ኮሪያዋ ከተማ በቹንቾን ስለቆመው መታሰቢያ ሲያወሩ ግን ፊታቸው ይበራል። አንድ ማታ ስለ ማርዳ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እነሱንስ ማን ያስታውሳቸዋል?» አሉኝ።

«ሐረር የጦር መቃብር አለ» አልኳቸው።

«መቃብሩንማ ሰማሁ። የሚያነሳቸው ሰው አለ ወይ ነው የምልህ።»

የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ በመጪው ሚያዝያ ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። ከቤተሰባችሁ የዘመተ አርበኛ ካለ ስሙን፣ የዋለበትን ቦታና ዓመቱን አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ከሥሩ ደግሞ ከረን፣ ማርዳ ወይም ደምቢ ዶሎ የዋለ አንድ የባዕድ አገር ጦር መርጣችሁ፣ ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደመጣ በካርታ ላይ አስምሩ። ካርታው ከእኔ፤ ቡናውም ከእኔ።